ፊቱ ያለቀው ስፊንክስ፣ እግሩ የተሰበረው ጉማሬ፦ ከፊላደልፊያ እስከ ብሩክሊን የአራት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ከዋሺንግተን አካባቢ ለሚነሳ ሰው ጥንታዊት ግብፅ ሩቅ አይደለችም። ፊላደልፊያ ላይ አንድ፣ ኒውዮርክ ላይ ሁለት ትልልቅ የግብፅ ስብስቦች አሉ፤ ሦስቱም በባቡር ይደረሳሉ። ቀን አመራረጡ ግን ማሰብ ይጠይቃል። የፊላደልፊያው ፔን ሙዚየም ሰኞ ይዘጋል። ሜትሮፖሊታን ረቡዕ፣ የብሩክሊኑ ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ናቸው። ሜትሮፖሊታን ዓርብና ቅዳሜ ብቻ እስከ ማታ 3 ሰዓት ስለሚቆይ ዓርብን ለእሱ ሰጥተን ጉዞውን ከሐሙስ እስከ እሑድ አደረግነው። እዚህ የተጻፈው ሰዓት ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው፤ ትኬት ላይ 10 የሚለው የኛ 4 ሰዓት ነው። ዓመቶቹ ከጉዞው ቀናት በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር ተስማምተን ነበር። የሙዚየም ጽሑፍ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የማን እንደነበረና መቼ እንደተሠራ ይናገራል። ለምን እንደተሰበረ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም፤ ቢናገርም በአንድ መስመር ነው። የግብፅ ቅርስ ደግሞ አብዛኛው የተሰበረ ነው። አንዱን አሸዋ በልቶታል፣ ሌላውን ውኃ አጥቦታል፣ ሌላውን ደግሞ ሰው አስቦበት ሰብሮታል። በየዕቃው ፊት ቆመን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይህን ምን ሰበረው?» የሚለውን ሆነ።

ሐሙስ፣ መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ፊላደልፊያ

ከዋሺንግተን ዩኒየን ጣቢያ እስከ ፊላደልፊያ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ትኬቱን ከሦስት ሳምንት በፊት በ31 ዶላር ገዝተነዋል፤ በዋዜማው ያንኑ ባቡር ስናይ ከ80 ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው ጣጣ ሻንጣ ነው። ሙዚየም ሻንጣ አያስገባም፣ አያስቀምጥምም። ስለዚህ ከ30ኛው ጎዳና ጣቢያ ወደ ሙዚየሙ በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ በባልቲሞር ጎዳና የሚያልፈውን ትራም ይዘን 45ኛው ጎዳና አካባቢ ወረድን። ምዕራብ ፊላደልፊያ ብዙ ሐበሻ ያለበት ሰፈር ነው፤ ምግብ ቤቶቹም በእግር ይደራረሳሉ። ሽሮ ተጋቢኖ 16 ዶላር፣ ጥብስ 21፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሦስት ዶላር ይቀንሳል። እንጀራው ከጤፉ ሌላ ገብስ ገብቶበታል፤ ወፍራም ነው፣ ወጥ ግን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ባለቤቷ ሻንጣዎቻችንን ጓዳ አስገባችልን።

ከዚያ እስከ ፔን ሙዚየም በስፕሩስ ጎዳና በኩል የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። የአንበሳ አካልና የሰው ራስ ያለው ሐውልት፣ ስፊንክሱ፣ ያለው መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ ፍለጋ አያስፈልገውም። ከ11 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ከአንድ ወጥ ቀይ ግራናይት የተጠረበ፣ የፈርዖኑ የዳግማዊ ራምሴስ ስም ያለበት ነው። በ1912 በጥንቷ የግብፅ ከተማ ሜምፊስ፣ ፕታህ በሚባለው አምላክ መቅደስ አካባቢ፣ በእንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት በፍሊንደርስ ፔትሪ ቁፋሮ ተገኘ፤ በ1913 በመርከብ ፊላደልፊያ ገባ። አሁን ወዳለበት አዳራሽ የተዛወረው በ2019 ነው። በአየር ግፊት ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብለው በሚንሳፈፉ ጋሪዎች ላይ ጭነው ነው ያንቀሳቀሱት። ዊንች ወይም ተሽከርካሪ ቢጠቀሙ ክብደቱ በጥቂት ነጥቦች ላይ ያርፍና ወለሉን ይሰብረው ነበር፤ አየሩ ግን ክብደቱን በሰፊው ያከፋፍለዋል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊቱን ያያል፤ ፊት ግን የለውም። ዓይኑም አፉም አፍንጫውም ተሟሽሾ አልቆ፣ ቅርጹ ብቻ የቀረ ድንጋይ ነው። ዝቅ ብሎ ደረቱንና መቆሚያውን ያየ ሰው ግን ሌላ ሐውልት ያገኛል። የጽሑፉ ጠርዝ ስለታም ነው፣ የእግሩ ጥፍር ይታያል፣ የጎኑ ጅማት ይቆጠራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አካሉ ለብዙ ዘመን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲቀመጥ ጭንቅላቱ ብቻ ከላይ ቀርቶ ነበር። ንፋስ የሚነዳው አሸዋ ላይ ላዩን ጨረሰው፤ ያው አሸዋ የቀበረውን ጠበቀው። ማየት የሚሻለው ከፊት ለፊት ሳይሆን ከትከሻው ጎን ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ብርሃኑ በአግድም ሲመታው ጽሑፉ ይወጣል። ትከሻው ላይ ያለው ስም የራምሴስ አይደለም፤ ልጁ መርኔፕታህ በአባቱ ሐውልት ላይ የራሱን ስም አስቀርጾበት ነው።

የዚሁ የመርኔፕታህ ቤተ መንግሥት ዓምዶችና በሮች ያሉበት የታችኛው አዳራሽ ለእድሳት ዝግ ነበር። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው አነስ ያለ ማሳያ ቁፋሮ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚመዘገብና እንደሚጠገን ያሳያል፤ ለልጆች ጥሩ ነው። ለዓምዶቹ ብሎ የሚመጣ ሰው አዳራሹ መከፈቱን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ለሁሉም አንድ ሰዓት ተኩል በቃን።

ስህተታችን የተገኘው ሻንጣ ለመውሰድ ስንመለስ ነው። ምግብ ቤቱ ከምሳ በኋላ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ይዘጋል፤ ጠዋት አልጠየቅንም፣ ማንም አልነገረን። በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ የኒውዮርኩ ባቡር አመለጠን፤ ትኬት ለማስቀየር በነፍስ ወከፍ 22 ዶላር ጨመርን። ሻንጣ ሰው ቤት የሚያስቀምጥ የቤቱን የመዝጊያ ሰዓት አስቀድሞ ይጠይቅ። ባለቤቷ ስትመለስ ደንግጣ ቡና አፈላችልን፤ ሦስተኛውን ሳንጠጣ አልለቀቀችንም።

ኒውዮርክ የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ያሳደሩን ባልና ሚስት ሃርለም፣ 125ኛ ጎዳና አጠገብ ይኖራሉ። የመጀመሪያ ምክራቸው ስለ ምድር ውስጥ ባቡር ነበር። አንድ ጉዞ ያኔ፣ በ2025፣ 2 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነበር፤ የባንክ ካርድ ማስነካት ይበቃል። በሰባት ቀን ውስጥ 12 ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ያለው ነጻ ይሆናል። ቆጠራው ግን በካርድ ነው። አንድ ካርድ ለአራት ሰው ሲነካኩበት የሚውሉ ከዚህ አይጠቀሙም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ካርድ ይያዝ።

ዓርብ፣ መስከረም 30። ሜትሮፖሊታን ሙዚየም

ከ125ኛና ሌክሲንግተን በ4፣ 5 ወይም 6 ቁጥር ባቡር 86ኛ ጎዳና ወርዶ ወደ ምዕራብ ሦስት መንገድ ማቋረጥ ነው፤ አምስተኛው ጎዳና ላይ ሲወጡ ወደ ግራ ታጥፎ እስከ 82ኛ። ቀድመን በሩብ ሰዓት ደረስን። ትኬት ለአዋቂ 30 ዶላር፣ 65 ዓመት ለሞላው 22፣ ለተማሪ 17፣ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ነጻ ነው። የኒውዮርክ ግዛት ነዋሪ መታወቂያ አሳይቶ የፈለገውን ይከፍላል። አስተናጋጃችን በ5 ዶላር ስትገባ እኛ ሙሉውን ከፈልን፤ የነዋሪው መብት ለእንግዳ አያልፍም። ትኬቱ የዕለቱን ሙሉ ስለሚሠራ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። ፎቶ ያለ ፍላሽ ይፈቀዳል።

የግብፁ ክፍል ከትልቁ አዳራሽ በስተቀኝ ነው። መግቢያው ላይ ፐርኔብ የተባለ የጥንት ባለሥልጣን መቃብር ቆሟል፤ ሳቃራ ከሚባለው የግብፅ መቃብር ስፍራ ተነቅሎ በ1913 ተገዝቶ እዚህ በ1916 የተገጣጠመ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ይከማቻል፣ ውስጡም ጠባብ ነው፤ ለማታ ተውነው። ጠዋት መያዝ ያለበት ክፍል ቁጥር 105 ነው፤ የመኬትሬ የእንጨት ሞዴሎች ያሉበት። ሰው ሲበዛ መስተዋቱ በግንባርና በጣት ቅባት ይሸፈናል፤ ትንንሾቹን ሰዎች ለማየት ደግሞ ዓይንን መስተዋቱ ላይ ማስጠጋት ያስፈልጋል።

መኬትሬ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2000 ዓመት ገደማ የነበረ ባለሥልጣን ነው። መቃብሩን ሌቦች አስቀድመው አራቁተውት ነበር፤ አንዲት ትንሽ ክፍል ግን አላገኙም። በ1920 የሙዚየሙ ቡድን በኸርበርት ዊንሎክ መሪነት ሲያጸዳ ያቺን ክፍል አገኘ። ውስጧ 24 ሞዴሎች ነበሩ፤ ካይሮና ኒውዮርክ ተካፈሏቸው። ስብራት የምንፈልግ ሰዎች እዚህ ስብራት አጣን። ሌባ ያልነካው ዕቃ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ይህን ክፍል አስቀድሞ ማየት ጥሩ መለኪያ ይሰጣል።

ከሁሉም ያቆየን የዳቦ ቤቱና የጠላ ቤቱ ሞዴል ነው። አንድ ሣጥን ለሁለት ተከፍሏል፤ በር ላይ ተቆጣጣሪው በትሩን ይዞ ተቀምጧል። በጠላው ወገን ሴቶች ይፈጫሉ፣ አንድ ሰው ዱቄቱን ያቦካል፣ ሌላው ረጅም ገንቦ ውስጥ ገብቶ በእግሩ ይረግጣል። አጠገቡ ድፍድፉ የሚቀመጥባቸው ማሰሮዎች ተደርድረዋል፤ መጨረሻ ላይ ክብ እንስራዎች በጥቁር ጭቃ አፋቸው ተመርጓል። በዳቦው ወገን እህል የሚወቅጡ፣ የሚያቦኩ፣ ምድጃ የሚጠብቁ አሉ። ከእኛ ጋር የነበሩት እናት ጎጃም ውስጥ ለዓመታት ጠላ የጠመቁ ናቸው። ጽሑፉን ሳናነብላቸው «ይሄኛው ዳቦ አይደለም የሚረግጠው፣ ድፍድፍ ነው» አሉ። ቀጥለውም ተመርጎ የቆመውን እንስራ እያሳዩ «ይኸው ደግሞ ደርሶለታል» አሉ።

ትክክል ናቸው፤ ነገሩ ከመመሳሰልም ያልፋል። ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎች የግብፅ ቢራ ለስለስ ተደርጎ ከተጋገረ ዳቦ ፍርፋሪ ይጠመቅ ነበር ይሉ ነበር። በ1996 ዴልዌን ሳሙኤል የተባለች ተመራማሪ በጥንት ማሰሮዎች ውስጥ የደረቀ ቅሪት በማይክሮስኮፕ ስትመረምር የስታርቹ ቅንጣት ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘችው። አንዱ ክፍል በውኃና በእሳት የበሰለ፣ ሌላው ያልበሰለ ብቅል ነው፤ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ጠላ የጠመቀ ሰው ይህን ያውቀዋል። የበሰለው እንኩሮ ነው፣ ያልበሰለው ብቅል ነው። እህሉ ሲበስል ስታርቹ ይከፈታል፤ ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ወደ ስኳር ይቀይረዋል፤ እርሾው ስኳሩን ይበላል። ብቅሉም አብሮ ቢበስል ኢንዛይሙ ይሞትና ጠላው አይመጣም። ግብፆቹ ጌሾ አልነበራቸውም። ገብስና ኤመር የሚባለውን፣ አገር ቤት አጃ የሚሉትን የስንዴ ዘር ነበር የሚጠቀሙት።

አጠገቡ ያለውን የእህል ጎተራ ሞዴልም ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ተሸካሚዎች ጆንያ ይዘው ደረጃ ይወጣሉ፤ ጸሐፊዎቹ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ይመዘግባሉ። ከሚሠራው ሰው ይልቅ የሚቆጥረው ብዙ መሆኑን ልብ ያለ ሰው ስለዚያ መንግሥት ብዙ ይገባዋል።

ክፍል 111 ውስጥ ሰማያዊው ጉማሬ አለ። ዊልያም ይሉታል፤ የሙዚየሙ ዓርማ እስከመሆን ደርሷል። ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በፖስተር ያየው ሰው ትንሽነቱ ያስገርመዋል። የተሠራው ፋያንስ ከሚባል ነገር ነው። ሸክላ አይደለም፤ የተፈጨ ነጭ ድንጋይ ከጥቂት ኖራና ከናትሮን ጨው ጋር ተለውሶ፣ መዳብ ተጨምሮበት ይተኮሳል። ሲደርቅ ጨዉ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሳት ሲነካው እንደ ብርጭቆ ይቀልጣል፤ ሰማያዊውን የሚሰጠው መዳቡ ነው። ጀርባው ላይ የሎተስ አበባ ተሥሏል፤ የሚኖርበትን ረግረግ ሰውነቱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው።

አሁን እግሮቹን እዩ። ከአራቱ ሦስቱ በኋላ የተተኩ ናቸው። ያ ስብራት የመውደቅ አይደለም። ጉማሬ በአባይ ላይ ጀልባ የሚገለብጥ አደገኛ አውሬ ነበር፤ ምስሉም መቃብር ውስጥ ሕይወት ያገኛል ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ የቀበሩት ሰዎች ባለመቃብሩን እንዳይጎዳው እግሩን ሰበሩት። ኃይሉን ፈልገውታል፣ ጉዳቱን ፈርተውታል። ጣና ላይ በታንኳ የተሻገረ ሰው ይህን ፍርሃት ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ምሳ ውጭ ነው የበላነው። የውስጡ ካፌ ለአንድ ሰው ከ20 ዶላር አያንስም፤ ዓርብ ስለነበር የጾም ምግብም አልበዛበትም። ደረጃው ሥር ካሉት ጋሪዎች ፈላፍል በሩዝ 10 ዶላር፣ ውኃ 2 ዶላር። አንዱ ጋሪ ዋጋ ሳይለጥፍ ለአንድ ጠርሙስ 5 ዶላር ጠየቀን፤ ዋጋ ከተለጠፈበት ጋሪ መግዛት ይሻላል። አስተናጋጃችን የቋጠረችው ቆሎ እስከ ማታ አቆየን።

ከሰዓት በኋላ የሐትሼፕሱት ክፍል፣ ቁጥር 115። የስብራቱን ነገር ከፍ አድርጎ የሚያሳየው ይህ ነው። ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት እንደ ፈርዖን ነገሠች፤ ደይር ኤል ባሕሪ በሚባል የግብፅ ስፍራ ያሠራችው መቅደስ በሐውልቶቿ የተሞላ ነበር። ከሞተች በኋላ ተተኪዋ ሳልሳዊ ቱትሞስ አስነቅሎ፣ ሰባብሮ ጉድጓድ ውስጥ አስጣላቸው። በ1920ዎቹ የዊንሎክ ቡድን ስብርባሪውን ከጉድጓዱ እያወጣ እንደ እንቆቅልሽ ገጣጠመው። አሁን አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሐውልቶች ሁሉ ከዚያ የተሠሩ ናቸው፤ ጠጋ ብሎ ላየ የመጋጠሚያው መስመርና በአዲስ ነገር የተሞላው ቦታ በቀለም ይለያል። የአንዷ ጥቁር ሐውልት ደረት የሆላንድ ከተማ ከሆነችው ከሌይደን ሙዚየም በውሰት የመጣ ነው፤ አንዱ አካል ለሁለት ሙዚየም ተከፍሎ እንደገና ተገናኘ።

እስከ ቅርብ ጊዜ ሰባሪው ቂም ነው ይባል ነበር። በ2025 የወጣ አንድ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጥናት ግን የቁፋሮውን መዝገብ መልሶ አይቶ ብዙዎቹ አንገት፣ ወገብና ጉልበት ላይ ብቻ መሰበራቸውን አሳየ። ፊታቸው ብዙ ጊዜ አልተነካም። ግብፆች ሐውልት ሲያስወግዱ ኃይሉን ለማውጣት እንዲህ ይሰብሩ ነበር፤ የሌሎች ነገሥታት ሐውልቶችም ተደርጎባቸዋል። ስሟን ለማጥፋት አልተሞከረም ማለት አይደለም፤ ስሟ ከግድግዳ መፋቁ ይታወቃል። ግን የድንጋዩ ሁሉ ቁስል የጥላቻ አይደለም። ይህን ይዞ አዳራሹን መዞር ሌላ ነገር ያሳያል። ተንበርክካ ክብ ማሰሮ የያዘችውን ትልቋን የግራናይት ሐውልት አንገቷን፣ ከዚያ ወገቧን፣ ከዚያ ፊቷን በዚህ ቅደም ተከተል ተመልከቱ።

ይህች ንግሥት ግብፆች ዕጣን ወደሚያመጡባት ጥንታዊት አገር፣ ወደ ፑንት፣ መርከብ የላከችው ናት። የዘመቻው ሥዕል ደይር ኤል ባሕሪ ግድግዳ ላይ ነው ያለው፤ ከነሥሩ የተነቀለ የዕጣን ዛፍ፣ ዝንጀሮ፣ ወርቅ ሲጫን ያሳያል። ፑንት የት ነበረች የሚለው ክርክር ወደ እኛ አካባቢ ያመዘነው በዝንጀሮዎቹ ነው። በ2020 የወጣ ጥናት በሙሚያ ዝንጀሮዎች ጥርስና አጥንት ውስጥ ያለውን፣ እንደየአገሩ አፈር የሚለያየውን ስትሮንቲየም የተባለ ንጥረ ነገር ለክቶ የትውልድ ቦታቸውን ወደ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ክልል አመለከተ። በ2023 ደግሞ ከኋለኛው ዘመን የአንዱ ዝንጀሮ ዘረመል የጥንቷ ወደብ አዱሊስ ወደነበረችበት የኤርትራ ዳርቻ አደረሰ።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ ዴንዱር ገባን፤ ክፍል 131። የአሸዋ ድንጋይ መቅደስ ነው፤ ግብፅን በያዘው በሮማዊው በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15 ዓመት ገደማ ተሠራ። የተሰጠው ኢሲስ ለምትባለው የግብፅ አምላክ ሲሆን፣ ከእሷ ጋር ፔዴሲና ፒሆር የሚባሉ፣ ከግብፅ በስተደቡብ ያለችው የኑብያ የአንድ አለቃ ልጆች ይከበሩበታል። ከበሩ እስከ ጀርባው 25 ሜትር ነው። የአስዋን ትልቁ ግድብ ሊያሰጥመው ሲል በ1963 ተነቀለ፤ ግብፅ ለአሜሪካ በ1965 ሰጠች፤ በ661 ሣጥን ተጭኖ መጣ፤ ክብደቱ ወደ 800 ቶን ነው። በ1978 ለሕዝብ ተከፈተ። የአክሱም ሐውልት ከሮም ሲመለስ ሦስት ቦታ ተቆርጦ በአውሮፕላን መጥቶ በ2008 መቆሙን ለሚያስታውስ ሰው የዚህ ሥራ ክብደት ይገባዋል። ይህኛው በቀላሉ የተነቀለው ቀድሞውኑ ከጥርብ ብሎኮች የተገነባ ስለሆነ ነው።

ግድግዳው ባዶ ቡናማ ነው፤ ቀለሙ የለም። እሱን የወሰደው ውኃ ነው። በ1902 የተጠናቀቀው የፊተኛው የአስዋን ግድብ ከፍ እየተደረገ ሲሄድ መቅደሱን በየዓመቱ ለወራት ያጥለቀልቀው ጀመር፤ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያልጠፋ ቀለም በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ታጥቦ አለቀ። ውስጡ ደግሞ የሰው ጭረት አለ። የ19ኛው መቶ ዓመት መንገደኞች ስማቸውን በትልልቁ ቀርጸዋል፤ ከአንዱ ስም አጠገብ 1821 ዓመት ይነበባል። ከእነሱ ሁሉ የሚበልጠው ግን ክርስትና የገባበት ዘመን ነው። መቅደሱ በ6ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። ዴንዱር ላይ የተገኘ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ በኑብያው ንጉሥ በኤይርፓኖሜ ትእዛዝ፣ አብርሃም የተባለ ቄስ ከፊላው ጳጳስ ቴዎድሮስ የተቀበለውን መስቀል እንደተከለ ይናገራል። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ለሆንን ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። እናታችን መግቢያው ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ።

ዴንዱርን ለማታ ማስቀረት የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው። የሰው ብዛት ከ12 ሰዓት በኋላ ይቀንሳል። ከሰሜን በኩል ያለው ግዙፍ የመስተዋት ግድግዳም ሲጨልም መብራቱ በአግድም ግድግዳውን ስለሚመታ ቀን የማይታይ ቅርጽ ይወጣል፤ አውግስጦስ እንደ ፈርዖን ለብሶ መባ ሲያቀርብ በግልጽ የሚታየው ያኔ ነው።

ሳንወጣ አንድ የሌለ ዕቃ አነጋገረን። ሙዚየሙ በ2017 የነጀማንክ የተባለ ካህን የወርቅ ቅብ የሬሳ ሣጥን በ4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ነበር። በ2011 በነበረው ሁከት ከግብፅ የተሰረቀና የወጪ ፈቃዱም ሐሰተኛ እንደሆነ ስለተደረሰበት በ2019 ተመለሰ። ስለዚህ የጽሑፉን የመጨረሻ መስመር አንብቡ። በቁፋሮ የተገኘ፣ ከግብፅ መንግሥት ጋር የተከፋፈሉት፣ የተገዛ፣ የተሰጠ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይለያል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1። ብሩክሊን

የብሩክሊን ሙዚየም ቅዳሜ 5 ሰዓት ይከፈታል። ከሃርለም 2 ወይም 3 ቁጥር ባቡር በሩ ላይ ያወርዳል፤ ጣቢያው በሙዚየሙ ስም ነው የሚጠራው። እኛ የለመድነውን 4 ቁጥር ያዝን። 4 ቁጥር ፈጣን ስለሆነ ያንን ጣቢያ ዘሎ ፍራንክሊን ላይ ቆመ፤ ዐሥር ደቂቃ በእግር ተመለስን። የእናታችን ጉልበት ስለሚያማቸው ዐሥሩ ደቂቃ ሃያ ሆነ። ትኬት 20 ዶላር፣ 19 ዓመትና ከዚያ በታች ነጻ። በብዙዎቹ ወሮች የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ያለ ክፍያ ይገባል፤ እኛ በሳምንት ዘግይተን ነበር።

የግብፁ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሜትሮፖሊታን ያንሳል፣ ጸጥታው ግን ይበልጣል፤ መቀመጫም አለው። የስብስቡን ትልቅ ክፍል ያሰባሰበው ቻርልስ ኤድዊን ዊልበር በ1896 ሞተ፤ ዕቃውን ለሙዚየሙ የሰጡት ልጆቹ ናቸው። መጀመሪያ መታየት ያለባት እጆቿን ወደ ላይ ያነሳችው የሸክላ ሴት ናት። 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ናት፤ ከፒራሚዶች በፊት ከ800 ዓመት በላይ ቀድማ ተሠርታለች። ፊቷ እንደ ወፍ ምንቃር ነው። እስክስታ የሚያውቅ ሰው የትከሻዋን አያያዝ ሳያይ አያልፍም።

የሶበክሞሴ መጽሐፈ ሙታን፣ ማለትም ለሟች ከሞት በኋላ እንዲረዳው የሚቀመጥለት ጽሑፍ፣ ወደ 7 ሜትር ተኩል የሚረዝም ፓፒረስ ነው፤ በሁለቱም ገጽ ተጽፏል። ሶበክሞሴ አሙን በሚባለው አምላክ ቤተ መቅደስ የወርቅ ሠራተኛ ነበር። ብርሃኑ ሆን ተብሎ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ቀለሙንና ፓፒረሱን ብርሃን ስለሚጎዳው። ገብቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳያነብ መቆም ያስፈልጋል፤ ዓይን ሲለምድ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ይለያል። ቀዩ አርእስት ነው፤ በእኛ የብራና መጻሕፍት እንደሚደረገው ማለት ነው።

የቀረውን ጊዜ በሙሉ ለአፍንጫ ሰጠነው። የግብፅ ሐውልት አፍንጫ የሚሰበረው ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ ነው ይባላል፤ ለአንዳንዱ እውነት ነው። ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ፊት ግን ወጣ ያለ ነገር የለውም። እዚህ ካሉት የግድግዳ ቅርጾች በአንዳንዱ አፍንጫው ብቻ በመሮ ተመትቶ ወጥቷል፤ ዓይኑ፣ ከንፈሩ፣ የፀጉሩ ሽሩባ ሳይነካ። ይህ በመውደቅ አይመጣም። የዚህ ሙዚየም የግብፅ ክፍል ኃላፊ የነበረው ኤድዋርድ ብላይበርግ ያብራራው እንዲህ ነው፦ ምስሉ የነፍስ ማደሪያ ከሆነ አፍንጫው መተንፈሻው ነው፤ አፍንጫው ሲጠፋ ምስሉ ይሞታል። መቃብር የሚዘርፍ ሌባ ባለመቃብሩ እንዳይበቀለው ያደርገዋል፤ ነገሥታት ለተቀናቃኛቸው፣ በኋላም የግብፅ ክርስቲያኖች ለጣዖት ያደርጉታል። የመሮውን ምልክት ለማየት ከጎን ሆኖ የቁስሉን ወለል መመልከት ነው። የተመታ ድንጋይ ትንንሽ ጉድጓድ አለው፣ ጉድጓዶቹም በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የወደቀ ድንጋይ ግን እንደ ቅርፊት ሰፊ ሆኖ ይነሳል። ይህን ልዩነት አንዴ ያየ ሰው በየአዳራሹ ይፈልገዋል። እኛም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠባቂዋ ልትዘጋ ነው እስክትለን ድረስ ቆጠርን፤ ግልጽ የመሮ ምልክት ያለባቸው ስድስት አገኘን።

ማታ ቤት ስንደርስ ክትፎ ተሰናድቶ ጠበቀን።

እሑድ፣ ጥቅምት 2። መመለሻ

በአውቶቡስ ተመለስን፤ ለአንድ ሰው 28 ዶላር፣ መንገድ ሳይዘጋ አራት ሰዓት ተኩል። የአውቶቡስ ማቆሚያዎች በየጊዜው ስለሚቀያየሩ የሚነሳበትን ጎዳና ቁጥር በዋዜማው ማየት ይበጃል። ያው ዕለት ሜትሮፖሊታን ውስጥ ስለ ግብፅ አማልክት ልዩ ዐውደ ርእይ ይከፈት ነበር፤ የእኛ ትኬት የዓርብ ነው። ዓርብን ለቋሚው ስብስብ፣ እሑድ ጠዋትን ለልዩው ቢያደርጉ ይሻል ነበር፤ ሌላ 30 ዶላር ይጠይቃል እንጂ። እናታችን እስከ ዴላዌር ድልድይ ድረስ ስለ ገንቦው ረጋጭ አወሩ። ያ ሰውዬ ቆሞ ሲረግጥ የሚደገፍበት ነገር አላዩም፤ ገንቦው ጠባብ ከሆነ እጁን ጠርዙ ላይ ማድረግ ነበረበት አሉ። ፎቶውን ከፍተን አጎላነው።